የአጥንት ልጓም፦ ስክሌሮስቲን የተባለው ፕሮቲን ከጥቂት ቤተሰቦች በሽታ እስከ መድኃኒት

ሕፃኑ ሲወለድ የሚታየው ምልክት ቀላል ይመስላል። የሌባ ጣቱና የመሀል ጣቱ ተጣብቀዋል፤ ከጥፍሮቹም አንዳንዶቹ በቅጡ አልበቀሉም። ቤተሰቡ ጣቶቹ በቀዶ ሕክምና ሲለያዩ ነገሩ እዚያው ያበቃል ብሎ ያስባል። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ግን የልጁ ፊት በአንድ ወገን ይሰንፋል፤ አንዱ ዐይኑ አልከደን ይላል፣ ሲስቅም አፉ ወደ አንድ ጎን ይሳባል። ቀጥሎ መስማት ያቅተዋል። ከእኩዮቹ በላይ ይረዝማል፣ አገጩና ግንባሩ ወደ ፊት ይገፋሉ፣ ራስ ምታቱ ይበረታል። ራጅ ሲነሳ የራስ ቅሉ፣ የጎድን አጥንቶቹና የእጅና የእግሩ አጥንቶች ከሚገባው በላይ ወፍረውና ነጥተው ይታያሉ። ወድቆም ሆነ ተጋጭቶ ግን አጥንቱ ሲሰበር አይታይም።

ይህ የአንድ የተወሰነ ልጅ ታሪክ አይደለም፤ ስክሌሮስቲዮሲስ የተባለው፣ እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ የዘር በሽታ ደጋግሞ የሚሄድበት መንገድ ነው። የዚህ ጥናት ጉዳይ በሽታው ራሱ፣ ከጀርባው የተገኘው ፕሮቲንና ከዚያ ፕሮቲን የተወለደው መድኃኒት ነው። ፕሮቲኑ ስክሌሮስቲን ይባላል፤ ሥራውም አጥንት ከልክ በላይ እንዳይገነባ መያዝ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ ጉዳይ የሚወጣው ዋናው ቁም ነገር «ፕሮቲኑ መጥፎ ነውና ይወገድ» የሚል አይደለም። ልጓሙ ጨርሶ ሲጠፋ ሰውን ይገድላል፣ በግማሽ ሲላላ አጥንትን ያጠነክራል፣ ለአንድ ዓመት ያህል ሲላላም ለተሰባሪ አጥንት መድኃኒት ይሆናል። ልዩነቱን የሚያመጣው መጠኑና ጊዜው ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው የታየባቸው ቤተሰቦች

በሽታው በብዛት የታወቀው በደቡብ አፍሪካ፣ አፍሪካነር በሚባሉት፣ በአብዛኛው ከኔዘርላንድስ ሰፋሪዎች በተወለዱት ሰዎች መካከል ነው። በዚህ ማኅበረሰብ በሽታው ከሌላው ዓለም ይልቅ የበዛው አንድ የዘረመል ስሕተት ከጥቂት ቀደምት ሰፋሪዎች ተነሥቶ፣ እርስ በርስ ሲጋባ በኖረ ሕዝብ ውስጥ ለትውልዶች ስለተላለፈ ነው። በሽታው የሚይዘው የተበላሸውን ዘረመል ከእናትም ከአባትም የወረሰውን ልጅ ብቻ ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ተሸካሚ ይሆናል፤ አይታመምም። ይህ የተሸካሚዎች ነገር በኋላ የጉዳዩ ማዕከል ስለሚሆን አንባቢው በልቡ ይያዘው።

የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ቀዶ ሐኪሙ ኸርማን ሐመርስማና የዘረመል ሐኪሙ ፒተር ቤይተን እነዚህን ቤተሰቦች ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋል። በ2003 የታተመው የ38 ዓመታት ክትትል ውጤት 63 ሕመምተኞችን መዝግቧል። ከእነርሱ 52ቱ ገና በልጅነታቸው የፊት ሽባነትና የመስማት ችግር ደርሶባቸዋል፤ 48ቱ ጣቶቻቸው የተጣበቁ ነበሩ። በክትትሉ ዘመን 34 ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ 24ቱን የገደላቸው የራስ ቅላቸው እየወፈረ ሄዶ በአንጎላቸው ላይ የፈጠረው ግፊት ነው። ሟቾቹ በአማካይ የኖሩት 33 ዓመት ነበር።

አጥንት መጠንከሩ እንዴት ሰውን ይገድላል ለሚል አንባቢ መልሱ ያለው በራስ ቅል አሠራር ውስጥ ነው። ከአንጎል የሚወጡት ነርቮች ወደ ፊት፣ ወደ ጆሮና ወደ ዐይን የሚደርሱት በአጥንት ውስጥ በተበሱ ቀዳዳዎችና ቦዮች አልፈው ነው። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በተለይ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ውስጥ ረጅም፣ ጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ ይጓዛል። የቦዩ ግድግዳ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየወፈረ ሲመጣ ነርቩ የሚሸሽበት ቦታ የለውም፤ ታንቆ ይደርቃል። የመስማት ነርቭም፣ በመሀል ጆሮ ያሉት ጥቃቅን አጥንቶችም ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥማቸዋል። የራስ ቅሉ ጣሪያ ወደ ውስጥ ሲወፍር ደግሞ አንጎል የሚቀመጥበት ቦታ ይጠባል፤ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ የአንጎሉን ግንድ ከራስ ቅሉ ሥር ወዳለው ትልቅ ቀዳዳ ይገፋዋል። አተነፋፈስንና የልብ ምትን የሚመራው ክፍል በዚያ ሲጨፈለቅ ሞት በድንገት ይመጣል። ሐኪሞች ግፊቱን ለመቀነስ ከራስ ቅሉ ላይ አጥንት ቆርጠው ያነሣሉ፤ ነገር ግን ይህ አጥንት እጅግ የወፈረና የጠጠረ በመሆኑ ቀዶ ሕክምናው ረጅምና አድካሚ ነው።

ከዚህ በሽታ ጋር የሚመሳሰል ሌላ በሽታ ቀደም ብሎ በ1955 በኔዘርላንድሳዊው ሐኪም ፋን ቡኸም ተገልጾ ነበር፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ሕመምተኞቹ በብዛት የተገኙት በኡርክ ነው፤ ኡርክ ለረጅም ዘመን ደሴት ሆና የኖረች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። የፋን ቡኸም በሽታ አጥንትን ያወፍራል፣ ነርቭም ያንቃል፤ ነገር ግን ጣት አያጣብቅም፣ ቁመትም ከልክ በላይ አያስረዝምም፤ አካሄዱም ለስለስ ያለ ነው። ቤይተንና ባልደረቦቹ በ1984 ሁለቱን በሽታዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ የሁለቱም ሕመምተኞች የዘር ሐረግ ወደ ኔዘርላንድስ የሚመዘዝ መሆኑንም አይተው፣ ሁለቱ በአንድ ዘረመል ላይ የደረሱ የተለያዩ ጉዳቶች ሊሆኑ እንደሚችሉ ጻፉ። ዘረመሉ ግን ገና አልታወቀም ነበር።

ዘረመሉ ሲገኝ

በ2001 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሌላው በቤልጅየም አንትወርፕ፣ በየበኩላቸው ወደ አንድ ነጥብ ደረሱ። በክሮሞሶም 17 ላይ ያለ፣ እስከዚያ ጊዜ ማንም የማያውቀው ዘረመል በስክሌሮስቲዮሲስ ሕመምተኞች ላይ ተበላሽቶ ተገኘ። ዘረመሉ ሶስት (SOST) የሚል ስም ተሰጠው፤ እርሱ የሚያዝዘው ፕሮቲን ደግሞ ስክሌሮስቲን ተባለ። የአሜሪካው ጽሑፍ የመጀመሪያ ደራሲ ሜሪ ብረንኮው ነበረች፤ በ2025 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዷ ናት። ሽልማቷ ግን በአጥንት ሳይሆን በሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ላይ ባደረገችው ሌላ ሥራ ነው።

ስክሌሮስቲን ሲሠራ 213 አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣቶች፣ ይደረደራሉ። የመጀመሪያዎቹ 23ቱ ፕሮቲኑን ከሕዋሱ ለማስወጣት የሚያገለግሉ መለያ ብቻ ናቸው፤ ተቆርጠው ይወድቃሉ። በአፍሪካነር ቤተሰቦች የተገኘው ስሕተት በዘረመሉ ውስጥ የአንዲት ፊደል መቀየር ሲሆን፣ ልክ በ24ኛው ቦታ ላይ «ቁም» የሚል ትእዛዝ ያስገባል። ስለዚህ መለያው ተሠርቶ ሲያበቃ፣ ፕሮቲኑ ራሱ ሊጀመር ሲል ሥራው ይቆማል። ሕመምተኛው በሕይወቱ ሙሉ አንዲትም ጤናማ የስክሌሮስቲን ቅንጣት አይኖረውም።

በፋን ቡኸም በሽታ የተገኘው ግን ሰውን ግራ የሚያጋባ ነበር። ዘረመሉ ተመርምሮ አንድም እንከን አልተገኘበትም። በ2002 የተገኘው ጉዳት ከዘረመሉ ወዲያ፣ 35,000 ያህል የዘረመል ፊደላት ርቆ ነበር፤ እዚያ ላይ 52,000 ፊደላት የሚያህል ቁራጭ ጎድሏል። የጎደለው ቁራጭ ፕሮቲን አይሠራም፤ በውስጡ ያለው በአጥንት ሕዋሳት ዘንድ ዘረመሉን የሚቀሰቅስ ክፍል ነው። መብራቱ ደህና ሆኖ ማብሪያ ማጥፊያው እንደ ተነቀለ ቤት ማለት ነው። በኋላ የሕመምተኞቹ ደም ሲለካ፣ በስክሌሮስቲዮሲስ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ስክሌሮስቲን ጨርሶ ሲታጣ፣ በፋን ቡኸም ሕመምተኞች ደም ውስጥ ግን እጅግ ጥቂትም ቢሆን ተገኝቷል። የሁለተኛው በሽታ መለስለስ ከዚህ ጋር ይሄዳል። በጣም ጥቂት ፕሮቲን እንኳ ከምንም እንደሚሻል የታየው በዚህ ነው።

በአጥንት ውስጥ የተቀበረው ሕዋስ

ብዙ ሰው አጥንትን እንደ ቤት ምሰሶ፣ አንዴ ተተክሎ እንደሚቆም ግዑዝ ነገር ያስበዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ካለው አጥንት በዓመት ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ፈርሶ እንደ ገና ይገነባል። አፍራሾቹ ኦስቲዮክላስት፣ ገንቢዎቹ ኦስቲዮብላስት ይባላሉ። ገንቢዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ከፊሎቹ ራሳቸው በሠሩት ግንብ ውስጥ ተቀብረው ይቀራሉ፤ ያን ጊዜ ስማቸውም ጠባያቸውም ተለውጦ ኦስቲዮሳይት ይሆናሉ። ከአጥንት ሕዋሳት ሁሉ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት እነዚህ የተቀበሩት ናቸው።

ኦስቲዮሳይትን በማጉያ መሣሪያ ቀርቦ ያየ ሰው «ተቀበረ» ማለት «ሞተ» ማለት እንዳልሆነ ይረዳል። እያንዳንዱ ሕዋስ በጠባብ ጉድጓዱ ውስጥ ተጋድሞ፣ ቀጫጭን ክንዶቹን በጠጣሩ አጥንት ውስጥ በተቦረቦሩ ረቂቅ ቦዮች ዘርግቶ የጎረቤቶቹን ክንዶች ይነካል። ቦዮቹ በፈሳሽ የተሞሉ ናቸው። ሰው ሲራመድ፣ ሲሮጥ፣ ሸክም ሲያነሣ አጥንቱ በዐይን በማይታይ መጠን ይታጠፋል፤ ፈሳሹም ይንቀሳቀሳል፤ ሕዋሱም ይህን ይሰማል። ለብዙ ዘመን የአጥንት ሊቃውንት አጥንት በተጫነበት መጠን እንደሚጠነክር ያውቁ ነበር፤ ጭነቱ ለገንቢዎቹ በምን ቋንቋ እንደሚነገራቸው ግን ግልጽ አልነበረም።

ስክሌሮስቲን ከዚህ ቋንቋ አንዱ ቃል ሆኖ ተገኘ። በአዋቂ አጥንት ውስጥ ፕሮቲኑን የሚያመነጨው በዋናነት የተቀበረው ኦስቲዮሳይት ነው። በ2008 በአይጦች ላይ በወጣ ጥናት፣ የፊት እግር አጥንታቸው በተወሰነ ኃይል ሲጫን፣ ጭነቱ በበረታበት የአጥንቱ ክፍል ያሉ ኦስቲዮሳይቶች ስክሌሮስቲን ማምረታቸውን ቀነሱ፤ አዲስ አጥንትም የተገነባው በዚያው አቅራቢያ ነበር። ጭነት ሲነሣ ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ ስክሌሮስቲን ይጨምራል፣ ግንባታም ይዳከማል። ለረጅም ጊዜ አልጋ የያዘ ሕመምተኛ ወይም ክብደት በማይሰማበት ጠፈር የሚቆይ ሰው አጥንቱ ለምን እንደሚሳሳ ከሚያስረዱት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ከፓራታይሮይድ ሆርሞን የተወሰደው፣ በየቀኑ በመርፌ የሚሰጠው ቴሪፓራታይድ የተባለ የቆየ መድኃኒትም አጥንት ከሚያስገነባባቸው መንገዶች አንዱ የስክሌሮስቲንን ምርት ዝቅ ማድረግ ነው።

ፕሮቲኑ በገንቢዎቹ ላይ የሚሠራበት መንገድ መጀመሪያ ላይ በስሕተት ተገምቶ ነበር። ቅርጹ የአጥንት እድገት ምልክቶችን ከሚያግዱ ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ስለሚመሳሰል፣ እርሱም እንደ ዘመዶቹ ያንኑ ሥራ ይሠራል ተብሎ ታመነ። በ2005 ግን ትክክለኛው ቁልፍ ተገኘ። ገንቢ ሕዋሳት በላያቸው ላይ ኤልአርፒ 5 እና ኤልአርፒ 6 የሚባሉ ተቀባዮች አሏቸው። ዊንት የተባለው የእድገት መልእክተኛ እነዚህን ተቀባዮች ሲይዝ፣ በሕዋሱ ውስጥ ቤታ ካቴኒን የተባለ ፕሮቲን ይከማቻል፤ ወደ ሕዋሱ እምብርት ገብቶም የግንባታ ዘረመሎችን ይቀሰቅሳል። ስክሌሮስቲን የሚያደርገው በእነዚሁ ተቀባዮች ላይ ተቀምጦ ዊንት ሥራውን እንዳይሠራ መከልከል ነው። ኤልአርፒ 4 የተባለ ሌላ ተቀባይ ደግሞ ስክሌሮስቲንን ይዞ ክልከላውን ያጠነክርለታል።

ይህ ትርጓሜ ጸንቶ የቆመው የላቦራቶሪ ሙከራ ብቻ ስለደገፈው አይደለም። ሌሎች ቤተሰቦች ሳይታሰብ ምስክር ሆነውለታል። በ2001 ኤልአርፒ 5 የሚሰንፍባቸው ልጆች አጥንታቸው ከሕፃንነት ጀምሮ ተሰባሪ፣ ዐይናቸውም ዕውር እንደሚሆን ታወቀ። በ2002 ደግሞ በአሜሪካ ያሉ ቤተሰቦች በዚሁ ተቀባይ ላይ በደረሰ ሌላ ለውጥ የተነሣ አጥንታቸው እጅግ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ለውጡ ተቀባዩን ስክሌሮስቲንን በመሳሰሉ አጋጆች በቀላሉ እንዳይያዝ አድርጎታል። ልጓሙ ከሌለ አጥንት ይወፍራል፤ ልጓሙ ኖሮ መያዣው እምቢ ካለም አጥንት ይወፍራል፤ መያዣው ጨርሶ ከተበላሸ ግን አጥንት ይሳሳል። ሦስቱ ማስረጃዎች ተጋግዘው በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ፤ በሕክምና ምርምር ውስጥ ይህን ያህል የተሟላ የሰው ልጅ ምስክርነት በብዛት አይገኝም።

ተሸካሚዎቹ ያስተማሩት

እስከ አሁን የተባለው ሁሉ አንድን ጥንቁቅ ሐኪም የሚያስፈራው እንጂ የሚያበረታታው አይደለም። ስክሌሮስቲን የሌላቸው ሰዎች በ33 ዓመታቸው በራስ ቅላቸው ታፍነው የሚሞቱ ከሆነ፣ ይህን ፕሮቲን ሆን ብሎ ማገድ እንዴት መድኃኒት ሊባል ይችላል?

መልሱን ይዘው የነበሩት የሕመምተኞቹ እናቶችና አባቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ጤናማና አንድ የተበላሸ ዘረመል ይዘዋል፤ በደማቸው ያለው ስክሌሮስቲንም ከሌላው ሰው ያነሰ ነው። ነርቫቸው አልታነቀም፣ ጣታቸው አልተጣበቀም፣ መልካቸውም የተለየ አይደለም። በ2005 የታተመ ጥናት የአጥንታቸውን እፍጋት ለካ። በሕመምተኞቹ ዘንድ የአከርካሪ አጥንት እፍጋት ከዕድሜ እኩያ ሰዎች አማካይ በ7 እና ከዚያ በላይ የልኬት ደረጃዎች ከፍ ብሎ፣ በአንዳንዶቹም እስከ 14 ደርሶ ተገኘ። ይህን ለማነጻጸር፣ ጤናማ ሰዎች በብዛት የሚገኙት ከአማካዩ በላይና በታች በሁለት ደረጃዎች ውስጥ ነው። የተሸካሚዎቹ እፍጋት ደግሞ በጤናማው ክልል የላይኛው ጫፍ ወይም ከዚያ በላይ ነበር፤ የበሽታው መከራ ግን አልደረሰባቸውም።

እኔ የዚህን ጉዳይ ምሥጢር የማየው እዚህ ላይ ነው። የሕመምተኞቹ ስቃይ የፕሮቲኑን ሥራ ገለጠ፤ የተሸካሚዎቹ ጤንነት ደግሞ በፕሮቲኑ ላይ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። የመጀመሪያው ዕውቀት ያለ ሁለተኛው ቢቀር ኖሮ ማንም ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ስክሌሮስቲንን ለማገድ ይደፍር ነበር ብዬ አላምንም። ሌላም የሚጨመር ነገር አለ። ሕመምተኞቹ ከማሕፀን ጀምሮ፣ አጥንታቸው በሚያድግበት ዘመን ሁሉ ያለ ልጓም የኖሩ ናቸው። ባረጀ ሰው አጥንት ላይ ልጓሙን ለጥቂት ወራት ማላላት ከዚያ ጋር አንድ አይደለም።

መድኃኒቱ

ስክሌሮስቲን ከሕዋሱ ወጥቶ ስለሚሠራ በአንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ነገር ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን፣ ሊያዝ ይችላል። ስክሌሮስቲንን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ በመጀመሪያ እንቁልጢያቸው ለወጣላቸው አይጦች፣ ቀጥሎ ለዝንጀሮዎች ተሰጠ፤ የሁለቱም አጥንት በዛ፣ ጠነከረም። ለሰው የተዘጋጀው ሮሞሶዙማብ ተባለ። በወር አንድ ጊዜ 210 ሚሊግራም፣ በሁለት መርፌ ተከፍሎ፣ ከቆዳ ሥር ይወጋል።

በ2014 የታተመው ሁለተኛ ደረጃ ሙከራ በ12 ወራት ውስጥ የወገብ አከርካሪ እፍጋት በ11.3 በመቶ መጨመሩን አሳየ። እፍጋት ጨመረ ማለት ግን ስብራት ቀነሰ ማለት ስላልሆነ፣ ትልቁ ፈተና በ2016 የወጣው፣ ፍሬም የተባለው ሙከራ ነበር። የአጥንት መሳሳት ያለባቸው 7,180 ያረጡ ሴቶች ተሳተፉበት። በ12 ወራት ውስጥ አዲስ የአከርካሪ ስብራት የደረሰባቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 0.5 በመቶው፣ ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ መርፌ፣ ከወሰዱት ደግሞ 1.8 በመቶው ነበሩ፤ አደጋው በ73 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። በ2017 አርች የተባለው ሙከራ 4,093 ለስብራት እጅግ የተጋለጡ ሴቶችን ይዞ ሮሞሶዙማብን ከፕላሴቦ ጋር ሳይሆን ለረጅም ዘመን ካገለገለው፣ የአጥንትን መፍረስ ከሚገታው ከአለንድሮኔት ጋር አወዳደረ። አንድ ዓመት ሮሞሶዙማብ ወስደው ወደ አለንድሮኔት የተሻገሩት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አለንድሮኔት ብቻ ከወሰዱት ይልቅ በሁለት ዓመት ውስጥ የአከርካሪ ስብራታቸው በ48 በመቶ፣ በክትትሉ ዘመን የዳሌ ስብራታቸውም በ38 በመቶ ያነሰ ነበር።

የመድኃኒቱ ጠባይ ከሌሎቹ ይለያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግንባታው በፍጥነት ይጨምራል፣ መፍረሱም በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። አዲሱ አጥንትም በብዛት የሚጣለው ቀድሞ ባልፈረሰ፣ ጸጥ ብሎ በተቀመጠ የአጥንት ገጽ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የግንባታው ግለት አይዘልቅም። በደም የሚለካው የግንባታ ምልክት በመጀመሪያው ወር አካባቢ ከፍ ካለ በኋላ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በእንስሳት ላይ እንደታየው አንዱ ልጓም ሲላላ ሌላው፣ ለምሳሌ ዲኬኬ 1 የተባለው አጋጅ፣ ይጨምራል። ሕክምናው ከ12 ወር መጠን እንዳያልፍ የተወሰነው በዚህ የተነሣ ነው። መርፌው ሲቆምና ሌላ ነገር ሳይተካ ሲቀር የተገኘው አጥንት እየሳሳ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ መፍረስን የሚገታ መድኃኒት መከተል አለበት። ለሕመምተኛዋ «ዓመቱን ጨርሰሽ ተገላገልሽ» ብሎ ማሰናበት የተሠራውን ሥራ ማባከን ነው።

ልብና የደም ሥር

አርች የምሥራች ብቻ ይዞ አልመጣም። በመጀመሪያው ዓመት ሮሞሶዙማብ ከወሰዱት 2,040 ሴቶች 50ው፣ አለንድሮኔት ከወሰዱት 2,014 ደግሞ 38ቱ ከባድ የልብና የደም ሥር ችግር ገጠማቸው፤ በመቶኛ 2.5 እና 1.9 ማለት ነው። በፍሬም እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። በወንዶች ላይ በተደረገው፣ 245 ሰዎችን በያዘው ሙከራ ግን ቁጥሩ ጥቂት ይሁን እንጂ ልዩነቱ ወደዚያው አቅጣጫ ያዘነበለ ነበር፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 4.9 በመቶው፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት 2.5 በመቶው።

ስክሌሮስቲን በደም ሥር ግድግዳ ውስጥም ይገኛል፤ ስለዚህ ስጋቱ ከባዶ የተነሣ አይደለም። እርሱን ማገድ የደም ሥርን ሊጎዳ ይችላል የሚሉ አሉ፤ አለንድሮኔት ልብን ስለጠበቀ ልዩነት የታየ መስሏል የሚሉም አሉ። አንዳንዶች ደግሞ የስክሌሮስቲዮሲስ ሕመምተኞች በልብ በሽታ ሲጠቁ አለመታየታቸውን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። እኔ ይህን ክርክር አልቀበለውም። ሕመምተኞቹ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ የልብ በሽታ በሚበዛበት ዕድሜ ላይ ሳይደርሱ ሞተዋል። በ33 ዓመቱ ያለፈ ሰው በ70 ዓመቱ ልቡ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ሊመሰክር አይችልም። በሌላ ነገር ሁሉ የታመነው የእነርሱ ምስክርነት እዚህ ላይ ያበቃል።

የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎቹም ነገሩን በየበኩላቸው መዘኑ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሚያዝያ 2019 መድኃኒቱን ሲፈቅድ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና ከልብ ጋር የተያያዘ ሞት ሊያስከትል እንደሚችል የሚገልጽ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አዘዘ። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ለደረሰበት ሰው መጀመር የለበትም። የአውሮፓ የመድኃኒቶች ኤጀንሲ ኮሚቴ በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ እንዳይፈቀድ አስተያየት ሰጠ፤ ጉዳዩን እንደ ገና መርምሮ ግን ሐሳቡን ለወጠ። ነገር ግን በአውሮፓ የተጣለው ገደብ የከበደ ነው፤ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ በሕይወቱ በየትኛውም ጊዜ የደረሰበት ሰው መድኃኒቱን አያገኝም። በእኔ እይታ የአውሮፓው ጥንቃቄ ይሻላል፤ ምክንያቱም አጥንት የሚሳሳበት ዕድሜና የደም ሥር የሚደክምበት ዕድሜ አንድ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛም ሌሎች የአጥንት መድኃኒቶች አሉ። በሌላ በኩል አከርካሪዋ በተደጋጋሚ ለተሰበረ፣ ልቧ ግን ጤናማ ለሆነ ሴት ይህን መድኃኒት በፍርሃት ብቻ መከልከል ሌላ በደል ነው። የዳሌ ስብራት በአረጋውያን ላይ የሚያደርሰውን የቅርብ ሐኪሞች ያውቁታል፤ ብዙዎች ከአልጋ ሳይነሡ ይቀራሉ።

ቤተሰቦቹ ዛሬ

ፕሮቲኑን በስሙ እንድናውቀው ያደረጉት ሰዎች ከመድኃኒቱ አንዳች አልተጠቀሙም። ሮሞሶዙማብ ያለውን ስክሌሮስቲን ያግዳል፤ እነርሱ ግን የሚታገድ ስክሌሮስቲን የላቸውም። የሚያስፈልጋቸው ተቃራኒው፣ የጎደለውን ልጓም መመለስ ነው፤ እስካሁን በሐኪም እጅ ያለው ግን ቀዶ ሕክምናና ክትትል ነው።

ይሁን እንጂ ክትትሉ እንደ ቀድሞው አይደለም። የቤተሰቡ የዘረመል ስሕተት ስለሚታወቅ፣ ጣቶቹ ተጣብቀው የተወለደ ሕፃን ፊቱ ሽባ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደሙ ተመርምሮ በሽታው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊታወቅ ይችላል። ለመውለድ ያሰቡ ወንድሞችና እኅቶችም ተሸካሚ መሆን አለመሆናቸውን ማወቅ ይችላሉ። ልጁ መስማቱ በየጊዜው ይለካል፣ የዐይኑ ነርቭ ይታያል፣ የራስ ቅሉ ምስል ይነሣል፤ ግፊቱ ከመበርታቱ በፊትም የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ መጋዙን ይዞ፣ ልክ ከሃምሳ ዓመት በፊት ይደረግ እንደነበረው፣ የወፈረውን አጥንት ቆርጦ ለአንጎሉ ቦታ ይከፍትለታል።